ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ ንጉሥ፦ እውነት ተሻምተውበታል?

የማታ ብዕር፦

ሰላም ለቤቱ። ታሪክ አንባቢ እዚህ ስለማይጠፋ ጥያቄዬን ይዤ መጣሁ።

ቴሌግራም ላይ ተከታታይ ታሪካዊ ልቦለድ እጽፋለሁ። ቀን ፋርማሲ እውላለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል እለጥፋለሁ። አሁን የያዝኩት የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ እና የሁለቱ እህትማማቾች፣ የሜሪ ቦሊን እና የአን ቦሊን ታሪክ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ንጉሡ መጀመሪያ ሜሪን ወዳጅ አደረጋት፣ ከዚያ ተዋት። ቀጥሎ በእህቷ በአን ፍቅር ወደቀ። አን ግን ያለ ጋብቻ እሺ አላለችውም። እሷን ለማግባት ሲል የመጀመሪያ ሚስቱን ፈታ፣ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቆራረጠ። ካገባት በኋላ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ አንገቷን አስቀላት።

ችግሬ አንባቢዎቼ ናቸው። ገሚሱ የሜሪ ደጋፊ ነው፣ ገሚሱ የአን። ኮሜንቱ ሁሉ “መቼ ነው የሚያያዙት?” ነው። አንዷማ “አዳራሽ መሃል ፀጉሯን ካልጎተተችልኝ ከቻናሉ እወጣለሁ” ብላ ጽፋለች። ያነበብኳቸው የእንግሊዝኛ ልቦለዶችም ከዚህ አይርቁም። እህትማማቾቹ ይቀናናሉ፣ ይሰላለላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ምስጢር ለንጉሡ ታቀብላለች።

እኔ ስጽፈው ግን አልሆን አለኝ። ታላቅ እህት አለችኝ። እስክታገባ ድረስ አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው። በጫማ ተጣልተናል፣ በሻርፕ ተጣልተናል፣ ማን ልብስ ያጥባል በሚል ተኳርፈን ከርመናል። በወንድ ግን በሕልሜም አስቤው አላውቅም። ስለዚህ የጠቡን ትዕይንት ስጀምር የማውቀው ኩርፊያ ይመጣብኛል፤ ንጉሡም እንደ ጫማው ሆኖ መሃላችን ቁጭ ይላል። ሦስት ገጽ ጽፌ አጠፋሁት።

እና እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ንጉሡን ተሻምተውበታል? ታላቋ ማናት? ተጣልተው ያውቃሉ? ከተጣሉስ በምን? ልቦለድ ስለሆነ መፈልሰፍ እንደምችል አውቃለሁ። የሌለውን ከመፈልሰፌ በፊት ግን ያለውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ደርሶብኛል።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታሪክ የሚጠይቀኝ ሰው ስለጠፋ ጥያቄሽን ሳይ ደስ አለኝ። ይረዝምብሽ ይሆናል፣ ቻይኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁለቱ በአንድ ጊዜ ንጉሡን ሲሻሙ የሚያሳይ የዘመኑ ሰነድ የለም። ጊዜያቸውም አይገጥምም። ሜሪ በ1514 የንጉሡን እህት አጅበው ፈረንሳይ ከሄዱት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች። የንጉሡ እህት ለሽማግሌው ለሉዊ 12ኛ ተድራ ሄዳ፣ ሦስት ወር ሳይሞላት ባሏ ሞተ። የኛዋ ሜሪ ኋላ ተመልሳ በየካቲት 1520 ዊሊያም ኬሪን አገባች። ኬሪ የንጉሡ የቅርብ አገልጋይ ነው፤ ሰርጉ ላይ ንጉሡ ራሱ ተገኝቷል። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ንጉሡ ሜሪን የያዛት ከዚህ ሰርግ በኋላ ነው ይላሉ። ባል እያላት ማለት ነው። ያ ባል በልቦለዶቹ ውስጥ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው ነው። አንቺ ግን አስቢበት። ሚስቱን ለጌታው የለቀቀ፣ ጠዋት ደግሞ ያንኑ ጌታ የሚያገለግል ሰው ምን ይሰማዋል?

አን በእነዚያ ዓመታት አገር ቤት አልነበረችም። ገና ልጅ ሳለች በ1513 ሜኸለን ወደሚገኘው ወደ ኦስትሪያዋ ማርግሬት ቤት ተላከች። ከዚያ ፈረንሳይ ገባች። የተመለሰችው ወደ 1521 መጨረሻ ነው። የተጠራችውም ለንጉሡ ተብሎ አይደለም። ጄምስ በትለር ለሚባል የአየርላንድ ባላባት ልጅ ልትዳር ነው። ጋብቻው ሳይሆን ቀረ እንጂ።

እህትማማቾቹን አንድ ላይ ማሳየት ከፈለግሽ አንድ ደህና ምሽት አለልሽ። መጋቢት 1522 ነው። ቦታው የንጉሡ ዋና ሹም የካርዲናል ዎልዚ ቤት ነው። ከእንጨት አረንጓዴ ቤተ መንግሥት ተሠርቶ ስምንት ወይዛዝርት እላዩ ላይ ወጡ። እያንዳንዳቸው የአንድ በጎ ነገር ስም ተሰጥቷቸዋል። የንጉሡ እህት ውበት ናት። ሜሪ ደግነት ናት። አን ጽናት ናት። መኳንንቱ ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ከታች ቴምርና ብርቱካን ይወረውራሉ። ወይዛዝርቱ ከላይ የጽጌረዳ ውሃና ከረሜላ ያዘንባሉ። ንጉሡም ከአጥቂዎቹ ጋር አለ። ይህ ሁሉ ተመዝግቧል። አንባቢዎችሽ ጠብ ካማራቸው በብርቱካን ይጣሉላቸው።

ደግሞ ልብ በይ፤ በዚያ ምሽት ንጉሡ አንን እንኳን ሊወዳት ትኩር ብሎ ማየቱም አይታወቅም። ፍቅሩ የሚጀምረው ዓመታት ዘግይቶ፣ ወደ 1526 ገደማ ነው። ለአን የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ የሚገኙትም ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቀን አልተጻፈባቸውም። ለሜሪ የጻፈው አንድም የፍቅር ደብዳቤ አልተገኘም።

ታዲያ የሜሪን ነገር በምን አወቅን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሄንሪ የመጀመሪያ ሚስቱን፣ የአራጎኗን ካትሪን፣ ልፍታ ያለው “የሟች ወንድሜ የአርተር ሚስት ነበረች፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ይከለክላል” ብሎ ነው። በዚያው በ1527 ጸሐፊውን ዊሊያም ናይትን ወደ ሮም ላከ። ናይት ለጳጳሱ ለክሌመንት 7ኛ የያዘው ረቂቅ ፈቃድ ይጠይቃል። የምን ፈቃድ? ንጉሡ ከካትሪን ነጻ ሲወጣ፣ ከዚህ በፊት እህቷን የደረሰባትን ሴት እንዲያገባ። በዚያ ዘመን ሕግ ከአንዲት ሴት ጋር መተኛት ብቻውን፣ ሰርግ ባይኖርም፣ አማች ያደርጋል። እህቷን ማግባት አይቻልም። እንግዲህ ይታይሽ። በአንድ እጁ “ይቺ በዝምድና ትከለከለኛለች” እያለ ሚስቱን ይገፋል፤ በሌላው እጁ “ያቺም በዝምድና ትከለከለኛለችና ፍቀዱልኝ” ብሎ ይለምናል። የአን ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ግን ሌላ ማን ትሆናለች?

ጆርጅ ትሮክሞርተን የሚባል የምክር ቤት ሰው የጻፈውም አለ። ንጉሡን ፊት ለፊት “ከእናቷም ከእህቷም ጋር ነገር ነበርዎት ይባላል” ብሎታል። ንጉሡ “ከእናቷ ጋር በፍጹም” ብሎ መለሰ። አጠገቡ የነበረው አማካሪው ቶማስ ክሮምዌል ቶሎ ብሎ “ከእህቷም ጋር” ሲል ጨመረ። ይህን ትዕይንት እኔ ብፈለስፈው ማንም አያምነኝም ነበር።

ታላቋ ማናት ላልሽው፦ ብዙ የታሪክ ሰዎች ሜሪ ይላሉ። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀትና የቀብር መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ሁለቱ የተወለዱት ከዚያ በጣም ቀድመው ነው። ግን የሜሪ የልጅ ልጅ በ1597 የእህትማማቾቹ አባት ይዞት የነበረው የኦርመንድ ማዕረግ ይገባኛል ብሎ ሲያመለክት ማስረጃ ያደረገው አያቴ ታላቂቱ ነበረች የሚለውን ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ የአን ልጅ፣ በሕይወት እያለች ማለት ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት ይደፍራል?

አሁን ወደ ጠቡ። “አልተሻሙም፣ ስለዚህ ታሪክ የለኝም” እንዳትዪ። ሁለት ዓመት ልስጥሽ።

የመጀመሪያው 1528 ነው። በዚያ በጋ የላብ በሽታ የሚሉት ወረርሽኝ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ይሞታል። ንጉሡ ከቤት ቤት እየቀያየረ ሸሸ። አን በኬንት፣ በአባቷ ቤት በሂቨር ታመመች፤ ንጉሡ ሐኪም ላከላትና ተረፈች። የሜሪ ባል ዊሊያም ኬሪ ግን በሰኔ ሞተ። ሜሪ ሁለት ልጆች ይዛ ያለ ገንዘብ ቀረች። አባቷ ቶማስ ቦሊን ፊቱን አዞረባት። ያን ጊዜ ንጉሡ ለአን ይጽፋል፤ አባትሽ ልጁን በዚህ ችግሯ ሊያስጠጋት ይገባል፣ ክብሩም ይህንኑ ይጠይቃል ይላል። አየሽው? ስለ ቀድሞ ወዳጁ ለአሁን ወዳጁ እየጻፈ ነው። አን ያን ወረቀት ስታነብ ፊቷን መሳል ያንቺ ፈንታ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? የሜሪ ልጅ የሄንሪ ኬሪ ሞግዚትነት ለአን ተሰጠ። ለሜሪ ደግሞ በዓመት 100 ፓውንድ ተቆረጠላት። ልጁ ከእናቱ ይልቅ በአክስቱ እጅ ሆነ። ይህ በመኳንንቱ ዘንድ የተለመደ ነው። ቢሆንም እናት እናት ናት።

ሁለተኛው 1534 ነው። አን ነግሣለች። ሜሪ በ1532 በፈረንሳይ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ካሌ ከተማ ሄዳ፣ በ1533ም በንግሥ በዓሏ ላይ እህቷን አጅባለች። ማለትም እስከዚያ ድረስ አብረው ነበሩ፤ የተቆራረጡ አልነበሩም። ከዚያ ሜሪ አንድ ቀን አርግዛ ቤተ መንግሥት ትመጣለች። ዊሊያም ስታፎርድ የሚባል፣ ከሷ የሚያንስ፣ ርስት የሌለው ወታደር በምስጢር አግብታለች። የንግሥት እህት ናት፤ ማስፈቀድ ነበረባት። ራሷ አን በዚያ ዓመት ጸንሳ ልጅ ሳይወለድ ቀርቷል። ሜሪ ከነሆዷ ከቤተ መንግሥት ተባረረች። በሰነድ የሚታወቀው ትልቁ ጠባቸው ይኼ ነው። ንጉሡ መሃል ላይ የለም።

ሜሪ ከተባረረች በኋላ ለክሮምዌል የጻፈችው ደብዳቤ አለ። ፈልገሽ ሙሉውን አንብቢ። ዓለም ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥረኝ እሱ ግን አክብሮኛል ትላለች ስለ ባሏ። በክርስቲያኑ ዓለም ካሉት ሁሉ የላቅሁ ንግሥት ከምሆን ከሱ ጋር እንጀራ ብለምን ይሻለኛል ትላለች። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ንግሥቲቱ ማን እንደሆነች አስቢ። እርቅ የሚለምን ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የሚከት ሰው ወይ በጣም የዋህ ነው፣ ወይ በጣም ተናዷል። እኔ ተናዳለች ባይ ነኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ሜሪን ቂል፣ አንን እባብ አታድርጊያቸው። እሱ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሁሉም ሄዶበታል። አባትየውንም ልጆቹን የሚሸጥ ነጋዴ አድርገው የሚስሉት ብዙ ናቸው። በ1525 ቪስካውንት፣ በ1529 ኧርል ሆኗል፤ ተጠቅሟል፣ እሱ አይካድም። ገፋፍቷቸዋል የሚለው ግን ከጥቅሙ ተነስቶ የሚገመት ነገር ነው።

ሐና ከቬርሳይ፦

መምህር፣ እጅዎን ይባርከው። በቦሊኖቹ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የማታ ብዕር፣ ካንቺ ጋር ግን ወሬ አለኝ። እህትማማቾች በንጉሥ የተሻሙበት እውነተኛ ታሪክ ከፈለግሽ እንግሊዝን ተይና ወደኛ ሰፈር ነይ። እኔ የምኖረው ከቤተ መንግሥቱ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። ከአገር ቤት ዘመድ በመጣ ቁጥር የማስጎብኘው እኔ ነኝ፤ ሁሌም የሚጠይቁኝ ስለ ማሪ አንቷኔት ነው። እኔ ግን የምነግራቸው ስለ ኔል እህትማማቾች ነው።

የማርኪ ደ ኔል ልጆች አምስት ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች። ንጉሡ ሉዊ 15ኛ ነው። ከአምስቱ አራቱ የሱ ወዳጆች ሆነዋል ተብሎ ነው የሚተረከው። በአራተኛዋ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ በሦስቱ ላይ ግን ክርክር የለም።

የመጀመሪያዋ ታላቂቱ ሉዊዝ ናት፣ ማዳም ደ ማይ። በ1730ዎቹ መጀመሪያ ንጉሡን ያዘች። ለራሷ ገንዘብም ሥልጣንም ያልጠየቀች ሴት ናት ይሏታል። በእውነት ትወደው ነበር ይመስለኛል፤ ጉዳቷም እሱ ነው። ሁለተኛዋ ፖሊን በገዳም ትኖር ነበር። “እባክሽ ወደ ቬርሳይ አስመጪኝ” እያለች ለእህቷ ትጽፋለች። ሉዊዝ አዘነችላትና በ1738 አስመጣቻት። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ የፖሊን ሆኖ ቁጭ አለ። ለወጉ ማርኪ ደ ቬንቲሚል ለሚባል ሰው ተዳረች። በመስከረም 1741 ወንድ ልጅ ወለደች፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተች። ልጁ ንጉሡን ቁርጥ ስለሆነ “ግማሽ ሉዊ” አሉት። አስቢው፤ ሉዊዝ የእህቷን ሞት አልቅሳ፣ ንጉሡን አጽናንታ፣ እንደገና ያዘችው። ይህን ከየት ታመጪዋለሽ?

አሁን ነው የሚብሰው። ታናሺቱ ማሪ አን በ23 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ነበር። በ1742 ያስጠጓት ዘመድ ሲሞቱ እሷም ቤተ መንግሥት ገባች። የንግሥቲቱ ደንገጡር ሆነች። ሉዊዝ ደግሞ በዚያው ሰሞን የራሷን የደንገጡርነት ቦታ ለሌላዋ እህቷ ለኦርታንስ ለቀቀች። በገዛ እጇ መቆሚያዋን ሰጠች ማለት ነው። ንጉሡ ማሪ አንን ሲፈልጋት እሷ እንደ ፖሊን ዝም ብላ አልገባችም። ተደራደረች። መጀመሪያ እህቴ ከዚህ ትውጣ አለች። ዱቼስ ልባል፣ ቤት ይሰጠኝ፣ ገንዘብ ይቆረጥልኝ፣ ብወልድ ልጆቼ ይታወቁልኝ። ሉዊዝ በኅዳር 1742 እያለቀሰች ከቬርሳይ ወጣች። ማሪ አን በ1743 ዱቼስ ደ ሻቶሩ ተባለች። ኦርታንስን ያተረፋት ባሏ ነው ይባላል፤ ንጉሡ ጋ ብትጠጊ እገድልሻለሁ ብሎ ዝቶባት ነበር አሉ።

መጨረሻውን አጭር ላድርገው። በነሐሴ 1744 ንጉሡ ጦር ሜዳ ሄዶ ሜትስ ከተማ ላይ ለሞት ታመመ። ማሪ አን እና እህቷ ዲያን አብረውት ነበሩ። የስዋሶኑ ጳጳስ ሴቲቱ ካልተባረረች ሥርየት አልሰጥም አለ። ሁለቱ እህትማማቾች ሰረገላ ላይ ተጭነው፣ ሕዝቡ በየመንገዱ እየሰደባቸው ወጡ። ንጉሡ ዳነና በኅዳር መልሶ ፈለጋት። በታኅሣሥ 8 ቀን ሞተች፣ ገና 27 ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አዲሷ ወዳጁ ማዳም ደ ፖምፓዱር መጣች፤ እህትም የላት።

ሉዊዝ ሁለቱን እህቶቿን፣ ፖሊንንና ማሪ አንን፣ ቀብራ እስከ 1751 ኖራለች። ንስሐ ገብታ፣ ለድሆች እየሰጠች።

ልብ ብለሽ ከሆነ እዚህም ፀጉር የተጎተተ የለም። ማሪ አን እህቷን ያባረረቻት በደጃፍ ጠብ ሳይሆን በውል ነው።

የአራት ኪሎ ጠበቃ፦

የመምህርን ነገር ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 9 ወንድ የሚስቱን እህት እንዳያገባ ይከለክላል። ልዩነቱ የኛ ሕግ ጋብቻን መነሻ ያደርጋል፤ ውሽምነት አማች አያደርግም። ሄንሪ በኛ ሕግ ቢዳኝ በሜሪ በኩል ነጻ ነበር። በካትሪን በኩል ግን ይያዝ ነበር፤ ሴትም የባሏን ወንድም አታገባምና።

የመምህር ታሪክ የቀረው ነገር ያለ ይመስለኛል። አን ከመገደሏ በፊት ጋብቻዋ ፈርሷል አይደል? በምን ምክንያት ነው?

የቀበና ልጅ፦

ሁላችሁም ሊቅ ናችሁ፣ እግዜር ያክብራችሁ። እኔ ግን የቻናሉ አንባቢ ነኝ፣ ፀጉር ይጎተትልን ያልነው እኛ ነን። ብርቱካኑን ተቀብለናል። የልያና የራሔልን ታሪክ የምታውቁ ሰዎች ደግሞ እህት ከእህት አይጣላም አትበሉን። ራሔል ለአንድ እንኮይ ብላ ባሏን ለአንድ ሌሊት ለልያ አሳልፋ ሰጥታለች። እዛ ላይ ያዕቆብን ማን ጠየቀው?

ጡረተኛው መምህር፦

ለጠበቃው፦ ልክ ነህ። ሊቀ ጳጳሱ ክራንመር ጋብቻውን ያፈረሰው በግንቦት 17 ቀን 1536 ነው፤ አንገቷ የተቀላው በ19። ምክንያቱ በግልጽ አልታተመም። አብዛኛው ሰው የሚገምተው ግን የሜሪን ነገር ነው። ንጉሡ በ1527 ፍቀዱልኝ ብሎ የለመነበት ያ ዝምድና በ1536 ማፍረሻ ሆነለት ማለት ነው። ልጅቷ ኤልሳቤጥም በዚሁ ምክንያት ዲቃላ ተባለች። የማታ ብዕር፣ ሜሪ ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ርቃ በሕይወት አለች።

ለቀበና ልጅ፦ የእንኮዩ ነገር ጥሩ አነሳህ። ግን ልያና ራሔል የሚሻሙት ባላቸውን ነው፣ ያውም ልጅ ለመውለድ። ሜሪ ከንጉሡ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ሐናም የነገረችን ይህንኑ ነው፤ ልቧን የሰጠችው ሉዊዝ ተሸነፈች፣ የተደራደረችው አሸነፈች።

የማታ ብዕር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያን ደብዳቤ አገኘሁትና አነበብኩት። እኔም ተናዳለች ነው የምለው።

ቅዳሜ የሚወጣውን ክፍል ቀይሬዋለሁ። የአዳራሹን ጠብ ሰርዤ በ1528 ጀመርኩት። አን ገና ከሕመሟ ያላገገመች ሆና ሂቨር ተኝታለች። የንጉሡ ደብዳቤ ይደርሳታል። ሜሪ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ አይሆነውም፣ ልክ ነኝ? አን “ልጁን እኔ አሳድገዋለሁ” ትላለች። ሜሪ እምቢ ማለት አትችልም፣ እሺም ማለት አትችልም። ስለ ንጉሡ አንድም ቃል አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ ምን እንደሚያባብለው ነው። እዚህ ጋ የእህቴና የኔ ኩርፊያ ጠቀመኝ፤ እኛም ዋናውን ነገር አንስተን አናውቅም።

ሐና፣ ያንቺዎቹን ለሚቀጥለው ወቅት አስቀምጬልሻለሁ። ሉዊዝን በሙሉ ልቤ ነው የምጽፋት።

ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ። አን ልጁን የወሰደችው በክፋት ነው በደግነት? የትኛውን ልያዝ?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጁ በመጋቢት 1526 ነው የተወለደው ይባላል፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ነበር፣ ልክ ነሽ።

በደግነት ነው በክፋት ነው ለሚለው፣ ከቃል ይልቅ ሥራውን እዪ። አን ኋላ ላይ ልጁን ኒኮላስ ቡርቦን ለሚባል ፈረንሳዊ ባለቅኔ ሰጥታ አስተምራዋለች። ያ ልጅ አድጎ በአክስቱ ልጅ በኤልሳቤጥ ዘመን ሎርድ ሀንስደን ተብሏል። ሼክስፒር የሠራበትን የተዋንያን ቡድን በደጋፊነት የያዘውም እሱ ነው። ለልጁ ጠቅሞታል። ለሜሪ ግን ያን ቀን ይህ ሁሉ አይታያትም። ሁለቱንም ያዢ፤ አን ደግ እየሠራሁ ነው ብላ ታስብ፣ ሜሪም ተቀማሁ ብላ ታስብ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀበና ልጅ ቻናልሽን ሲጠቅሰው ፈልጌ ገብቼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። አራተኛው ክፍል ላይ ሜሪ ጠዋት ተነስታ ቡና ትጠጣለች፣ ማታ ደግሞ ድንች ወጥ ይቀርብላታል። ቡና እንግሊዝ የገባው ከሷ ሞት በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ድንቹም ያኔ እዚያ አገር አልደረሰም። ቢራና ዳቦ ስጪያት፣ ከቅዳሜ በፊት አስተካክዪው።